ግጥሙን መጀመሪያ አፋችሁ ይቅመሰው

«እኔ ግጥም አይገባኝም።»

ይህን ሳልሰማ ሳምንት አያልፍም። አማርኛ አስተማሪ እንደነበርኩ ያወቀ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይለኛል። ባንክ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ብሎኛል። ጥርሴን ያከመችኝ ሐኪም ብላኛለች። የታላቅ እህቴ ልጅ ደግሞ ዐሥረኛ ክፍል ገብታ የግጥም ፈተና የተፈተነች ቀን ማታ ደውላልኝ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። «አክስትዬ፣ ጭንቅላቴ ለግጥም አልተፈጠረም» አለችኝ።

ሁሉንም የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። «ልጅ ሆነሽ አበባየሆሽ ዘፍነሻል?» ወንድ ከሆነ «ሆያ ሆዬ ጨፍረሃል?» እለዋለሁ። ፊታቸው ወዲያው ይፈታል። «እንዴታ!» ይላሉ። እንግዲያው ግጥም ይወዳሉ ማለት ነው። ያኔ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ያስጨነቃቸው ሰው አልነበረም። ግጥሙን ያገኙት በአፋቸው፣ በእግራቸውና በከበሮው ነው።

እኔ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንግጫና አደይ ይዘን በየደጁ እየዞርን እንዘፍን ነበር። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦

ባልንጀሮቼ፣ ቁሙ በተራ፤
እንጨት ሰብሬ፣ ቤት እስክሠራ፤
እንኳን ቤትና፣ የለኝም አጥር፤
እደጅ አድራለሁ፣ ኮከብ ስቆጥር፤
ኮከብ ቆጥሬ፣ ስገባ ቤቴ፣
ትቆጣኛለች፣ የእንጀራ እናቴ።

በየመሀሉ «ለምለም» እያልን እንቀበላለን። ስንት መስከረም እንደዘፈንኩት አልቆጠርኩም። እየሳቅን ነበር የምንዘፍነው። አንዷ ከበሮውን ትመታለች፣ ሌላዋ ሳንቲሙን ትይዛለች፣ እኔ የመጨረሻዋ ቁመተ አጭር ሆኜ እከተላለሁ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ጠዋት ምጣዱ ላይ ሊጥ እያዞርኩ ይህችኑ ዘፈን አንጎራጎርኩ። «ስገባ ቤቴ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ልጅቱ ትንሽ ቀደም ብላ ቤት የለኝም ብላለች። እንኳን ቤት አጥርም የለኝም ነው ያለችው። አሁን ደግሞ «ቤቴ» ትላለች። ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ? ሁለቱም። የምትገባበት ቤት አላት። እዚያ ቤት ግን የምትቆጣ እንጂ የምትጠብቃት ሴት የለችም። ቤት እያላት ቤት የላትም። ኮከብ የምትቆጥረውም ወድዳ አይደለም፣ መግባት ስለከበዳት ነው። እንጀራው አረረብኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማንም አላስተማረኝም። ማንም ስንኙን በጣጥሶ ሰሌዳ ላይ አልጻፈልኝም። ግጥሙ ሠላሳ ዓመት አፌ ውስጥ ስለነበረ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ተናገረ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ምክር ሁሉ ከዚያ ጠዋት የመጣ ነው። ግጥምን ቶሎ ለመፍታት አትሩጡ። መጀመሪያ አፋችሁ ውስጥ አስገቡት። ፍቺው ሲፈልግ ይመጣል።

ይህን የምለው ዐሥራ አራት ዓመት ተቃራኒውን ሳስተምር ኖሬ ነው። ክፍል እገባለሁ፣ ግጥሙን አንድ ጊዜ ፈጠን ብዬ አነብባለሁ፣ ከዚያ ጠመኔ አንሥቼ ሰሌዳውን ለሦስት እከፍለዋለሁ። ሰም፣ ላይ ላዩ ትርጉም። ወርቅ፣ የተሰወረው። ኅብረ ቃል፣ ሁለቱን የሚሸከመው ቃል። እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ከሠላሳ ልጆች አንዱ እንኳ ከንፈሩን አያንቀሳቅስም። ግጥም ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ የሚገለበጥ ነገር ሲሆን፣ እኔ ነበርኩ እንዲያ ያደረግኩት። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለ ሰምና ወርቅ ያለኝን ሐሳብ የለወጠው የአንድ ተማሪዬ አባት ነው። አንጥረኛ ነው። ልጁ ታሞ ልጠይቀው ቤታቸው ሄድኩ። ሰውዬው ጓሮ ውስጥ ትንሽ የነሐስ መስቀል ሊሠራ ተቀምጧል። መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ነው የሚሠራው። ሰሙን በእጁ ሙቀት እያለሰለሰ፣ በቀጭን ሹል ነገር እየጫረ፣ ጌጡን አንድ በአንድ አወጣለት። ከዚያ በጭቃ ለበጠው። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ አደረገው፣ ሰሙ ቀልጦ ወጣ። ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠውን ነሐስ አፈሰሰበት። ሲቀዘቅዝ ጭቃውን ሰበረው። መስቀሉ ወጣ። አንሥቼ አየሁት። ከጎኑ አንድ ቦታ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የሰውዬው የጣት አሻራ ነው። ሰሙን ሲይዝ ያረፈው አሻራ ነሐሱ ላይ ቀርቷል።

«መምህርት፣ ሰሙ ላይ የተበላሸ ወርቁ ላይ አይቃናም» አለኝ።

እኔ ክፍል ውስጥ ሰሙን እንደ ልጣጭ ነበር የማየው። ልጣጩን ጣል፣ ወርቁን ብላ። ለካ ወርቁ መልኩን ያገኘው ከሰሙ ነው። ያለ ሰሙ ወርቁ እንክብል ብረት ነው።

እስቲ ይህችን የቆየች ስንኝ ተመልከቱ፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ድሮ ሰሌዳው ላይ እንዲህ እጽፍ ነበር። ሰሙ የአዳም ውድቀትና የመድኃኔ ዓለም መሰቀል። ወርቁ የፍቅረኛዋ ከንፈርና የወዳጇ ልብ መንጠልጠል። ኅብረ ቃሉ «ተሰቀለልሽ»። ስድስት ነጥብ። አለቀ። አሁን ግን ሰዎችን የምላቸው «ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት» ነው። ስትሉት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆማችሁ ይመስላችኋል። ዕፀ በለስ፣ አዳም፣ መድኃኔ ዓለም፣ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። በመሀል ግን «ከንፈርሽ» የምትል ቃል ሹክ ትላለች። «ልቤ» ትላለች። ሰውዬው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ተናገረ። ድፍረቱ ይሰማችኋል። ፍቅሩ ስንት ቢሆን ነው በዚህ ቃል የደፈረ ትላላችሁ። ደስታው ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲጮኹ። ለያይታችሁ በሁለት ዓምድ ስትጽፉት አንዱ ስብከት፣ ሌላው ተራ የፍቅር ቃል ይሆናል።

እንግዲህ ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው፣ ከአጭሩ እለዋለሁ። የቅኔ ተማሪም የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። በሁለት ቤት ጆሮውን ያሠለጠነ ነው ወደ ረዥሙ ቅኔ፣ ወደ መወድስ የሚሄደው። እናንተም ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ስንኝ ምረጡ። የግጥም መጽሐፍ ከሆነ የገዛችሁት፣ ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ። መቅድሙንም ለጊዜው ዝለሉት። ዝም ብላችሁ ግለጡና ዓይናችሁ ያረፈበትን አጭር ግጥም ያዙ። ካልጣማችሁ ግለጡና እለፉ። የማይወዱትን ግጥም ማለፍ ነውር አይደለም። ሙሉ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ግጥም የወደደ ሰው ብዙ አግኝቷል።

ከዚያ ድምፅ ማውጣት ነው። በሹክሹክታም ቢሆን ከንፈር ይንቀሳቀስ። ይህን የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። ፊደላችን የማይጽፈው ነገር አለ። «አለ» የሚለውን ቃል እዩት። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። «ገና» ሲላላ «አልደረሰም» ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ዓይነት ናቸው። ገጣሚው ብዙ ጊዜ የሚጫወተው በዚህች ክፍተት ነው። በዓይኑ ብቻ የሚያነብ ሰው አንዱን መርጦ ያልፋል፣ መምረጡንም አያውቅም። አፉ ግን ይደናቀፋል። «ቆይ፣ ላልቶ ነው ጠብቆ?» ይላል። ያቺ መደናቀፍ የግጥሙ በር ናት።

ሁለተኛው ጥቅም ምቱ ነው። ስታነቡ ጣታችሁን ጠረጴዛ ላይ ምቱ። «ባል-ን-ጀ-ሮ-ቼ» አምስት። «ቁ-ሙ-በ-ተ-ራ» አምስት። አምስት ባምስት የሆነውን ሰንጎ መገን ይሉታል። ስድስት በስድስት ከሆነ የወል ቤት ነው፣ ለቅሶውም ታሪኩም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው የሚሄደው። አራት ባራቱ ደግሞ ስሙን ከራሱ ነው ያገኘው፦ «ቡ-ሄ-በ-ሉ»። ስሞቹን ባትይዟቸው ምንም አይደለም። ጣታችሁ ይወቀው። ምቱን አንዴ ከያዛችሁ በኋላ የሚሰበርበት ቦታ ሲመጣ ትሰሙታላችሁ። ገጣሚው እዚያ ላይ አንድ ነገር ሊላችሁ ፈልጓል፣ ወይም ቸኩሏል። የቱ እንደሆነ ስትለምዱ ትለያላችሁ።

የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ላይ አትቁሙ። እርሳስ ካለ ከሥሩ አስምሩና ቀጥሉ። መዝገበ ቃላቱ ለነገ ይቆይ። ወንድሞቼ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ «እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ ይደግሳል» ሲሉ አጋፋሪ ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። በግብር ቀን አዳራሽ የሚያስገባና የሚያስተናግድ ባለሟል መሆኑን እኔም ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ሳውቅ ደስ አለኝ። ከማወቄ በፊት ግን ድግሱ ጎድሎብኝ አያውቅም።

ስለ «እዚያ ማዶ» አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ተማሪዎቼን በጣም ያሠቃየኋቸው እዚህ ላይ ነው። በቃል ግጥማችን ውስጥ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ በር መክፈቻ ነው። ቤት እንዲመታ ይመጣል። ዋናው ነገር ሁለተኛው ላይ ነው። እኔ ግን «ማዶው ምንን ይወክላል?» እል ነበር። ማዶው ማዶ ነው። በራሴ ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ ዱባይ ሳለች አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ስልኳ ጠፋብኝ። በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ይህችን አልኩ፦

ከጓሮዬ በቅሎ አንድ እግር ጤና አዳም፣
ስልኬን እያየሁት ሌሊቱም አይነጋም።

ይህን ለፈተና ብሰጠው አንዱ ተማሪ «ጤና አዳም ፈውስን ያመለክታል» ብሎ ይጽፋል፣ እኔም ሁለት ነጥብ እሰጠዋለሁ። እውነቱ ግን ጤና አዳሟ ጓሮዬ ውስጥ ነበረች። ቤቱንም መታችልኝ። በመስኮት ሽታዋ እየገባ ነበር። ሽታው ስንኙ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ በቃ። የመጀመሪያ ስንኝ ሲገጥማችሁ ሽታውን አሽትቱትና ወደ ሁለተኛው እለፉ። እህቴ በአራተኛው ቀን ደወለች፣ ስልኳ ውሃ ገብቶበት ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ግጥምን ብቻዬን ሳነብብ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የተማርኩት ግን ከሰው ጋር ሲሆን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቡና ይፈላል። ሦስት ጎረቤቶቼ ይመጣሉ። በእያንዳንዱ ቅዳሜ አንዳችን አንድ አጭር ግጥም ይዘን እንቀርባለን። ሕጋችን ከቡናው የመጣ ነው።

አቦል ላይ መስማት ብቻ። ግጥሙ ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ በሁለት ሰው ድምፅ። አስተያየት የለም። «ይበል!» ማለት ይቻላል። ዝም ማለትም ይቻላል። ለምን ሁለት ሰው? አንዷ የምትቆምበት ቦታ ሌላዋ አትቆምም። አንዷ የምታላላውን ሌላዋ ታጠብቃለች። ግጥሙ ገና ሳትነኩት ሁለት ይሆናል።

ቶና ላይ እያንዳንዷ አፏ ላይ የቀረውን ትናገራለች። አንድ ቃል፣ አንድ ሐረግ። ምክንያት አይጠየቅም። «ለምን ወደድሽው?» ማለት ክልክል ነው።

በረካ ላይ ከተፈለገ ስለ ትርጉሙ ይወራል። ታሪክ የምታውቅ ትናገራለች። መዝገበ ቃላቱም ያን ጊዜ ይወጣል። አንዳንድ ቅዳሜ በረካው ስለ ጤፍ ዋጋ ስናወራ ያልቃል። ግጥሙ አይቀየምም።

አንድ ቀን የያዝኩት ይህችን ነበር፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ለአጼ ቴዎድሮስ የተባለች ናት። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬያታለሁ። «ወንድ» የሚለው ጾታም ጀግናም ነው፣ ሁለት ነጥብ። አቦል ላይ አነበብኩ። ቀጥላ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠው ጎረቤቴ አነበበች። እሷ ከአራተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቆመችው። ቀስ ብላ፣ በጣቷ ቃሉን እየተከተለች ነው የምታነብበው። «ጩኸት በረከተ» ድረስ ደህና ሄደች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አራት ጊዜ ቆመች። «ወንድ። አንድ። ሰው። ሞተ።»

ቶና ሲቀዳ ተራዋ ደረሰ። «እኔ የገረመኝ» አለች፣ «መጨረሻው ላይ ቃሎቹ አጠሩ።»

መጽሐፉን አንሥቼ አየሁት። እውነቷን ነው። «አፋፉ»፣ «በረከተ»፣ «አናውቅም» እያለ በረዣዥም ቃል ይሄድና መጨረሻው ላይ አራት አጫጭር ቃል ይደረድራል። መቃብር ላይ አፈር ሲጣል እንደሚሰማው ነው፣ አንድ በአንድ። ዐሥራ አራት ዓመት «ወንድ» የሚለውን ቃል ስቆፍር ይህን አልሰማሁም። ምክንያቱም ቀስ ብዬ አንብቤው አላውቅም።

በረካ ላይ ታሪኩን ነገርኳቸው። ዘመኑ 1860 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ማለፋቸውን። ከዚያ ግጥሙን እንደገና አነበብነው። አሁን «አንድ» የሚለው ቃል ከበደ። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ወንድ ተብሎ የተቆጠረው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ማወቅ ግጥም ይገድላል እያልኩ አይደለም። ታሪኩ ግጥሙን ጥልቅ አደረገልን። የመጣው ግን ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። አቦል ላይ ብናገረው ኖሮ ጎረቤቴ የእኔን ወሬ ትሰማ ነበር እንጂ አራቱን ቃል አትሰማም።

ቡና የማይጠጣ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልግ። ዋናው ነገር መስማት፣ አፋችን ላይ የቀረውን መያዝ፣ ከዚያ መጠየቅ፣ በዚህ ቅደም ተከተል መሆኑ ነው።

አዝማሪ ቤት ሄዳችሁ የምታውቁ ይህን በደንብ ትረዱታላችሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል። አንዱ ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ይሰጠዋል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ ወይም ያጨበጭባል፣ ወይም የተነካው ሰውዬ አንገቱን ይደፋል። ለዚያ ሁሉ ሰው ሰሙን ከወርቁ የለየለት ማን ነው? ጆሮው ነው። አንዱ ጠረጴዛ ቀድሞ ይገባዋል፣ ሌላው ሳቁን ሰምቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባዋል። ዘግይቶ የገባውም እኩል ይስቃል። ካልሄዳችሁ አንድ ቀን ሂዱ። ሁለት ስንኝ አዘጋጅታችሁ ሂዱ፣ ለጓደኛችሁ የምትሰጡት። ግጥም የሰጠ ሰው ግጥም አይፈራም።

በቃል መያዝን አደራ እላችኋለሁ። በወር አንድ ግጥም ይበቃል። እኔ ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ ሁለት ስንኝ እይዛለሁ፣ ስመለስ ሁለት። ስልክ ላይ መጻፍ ሳይሆን በቃል። ወረቀት ላይ ያለ ግጥም እናንተ ስትፈልጉት ነው የሚመጣው። በቃል የያዛችሁት ግን እሱ ሲፈልግ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ ይመጣል። ሽንኩርት ስትከትፉ ይመጣል። የእኔዋ ምጣድ ላይ መጣች።

ቤት የማይመቱ፣ ስንኛቸው አጭርና ረዥም የሆኑ ዘመናዊ ግጥሞችስ? ለእነሱም መንገዱ ያው ነው። ጣታችሁ የሚመታው ምት ስለሌለ ግን ትንፋሻችሁን ተከተሉ። ስንኙ በተቆረጠበት ቁሙ፣ ነጥብ ባይኖርም። ገጣሚው እዚያ ላይ የቆረጠው ዝም እንድትሉለት ነው። ከዚያ አንድ ሥዕል ያዙ። ዝናብ፣ በር፣ ጫማ፣ የሆነውን። ሌላው ባይዝላችሁም ያችን ይዛችሁ ውጡ።

ፈተና ላለባችሁ ልጆች ደግሞ ለእህቴ ልጅ ያልኳትን ልንገራችሁ። ጥያቄው ሲመጣ ወዲያው ወርቁን ፍለጋ አትሂዱ። ግጥሙን ሁለት ጊዜ ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ በውስጣችሁ አንብቡ። አንድ ደቂቃ ብትወስድ ነው። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ብዙ ጊዜ ምላስ የሚያመነታበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። አመነታሽ? እዚያ ላይ አስምሪ። እሷ በሁለተኛው ፈተና ሞከረችው። ስንት እንዳገኘች አልጠየቅኳትም። ማታ ደውላ ግጥሙን በቃሏ አለችልኝ፣ ከፈተና ወረቀት ላይ ያየችውን፣ ሳትሳሳት። አንድ ስንኝ ላይ ድምጿ ሲቀየር ሰማሁት።

አስተማሪዎችም ታነቡ ይሆናል። ሰዓቱ አጭር መሆኑን፣ ክፍሉ መጨናነቁን፣ የፈተናው ወረቀት ሰምና ወርቅ ብሎ መጠየቁን አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ጠመኔውን ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ልጆች ተራ በተራ ጮክ ብለው ያንብቡት። አራት ደቂቃ ነው። የምታጡት ነገር የለም። አንዱ ልጅ የማትጠብቁት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ያን ቀን ትምህርቱን እሱ ያስተምራል።

የቀረችኝ አንዲት ናት። ጳጉሜን ሲያልቅ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶቹ ከበሯችሁን ሲመቱ፣ ገንዘቡን ቶሎ አትስጧቸው። ብር ካዩ ዘፈኑን አቋርጠው ወደ ምርቃቱ ነው የሚሮጡት። በሩን ከፍታችሁ ቁሙ። እንጨት ትስበር፣ ኮከቧን ትቁጠር። የእንጀራ እናቷ ጋ እስኪደርሱ ጠብቋቸው።